ዘጠና ፈረስና የከማል ዝምታ

ዛሬ ጠዋት የመኪናዬን መስታወት በቤንዚን አጠብኩ። አስቤበት ቢሆን እብድ እባል ነበር፤ ሳላስበው ስለሆነ ሽማግሌ ከመባል አላልፍም። ጋራዤ ውስጥ ሁለት ነጭ ጀሪካኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንደኛው ያለው የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ነው፤ ሰማያዊ። በሌላኛው ለሣር ማጨጃዬ የቀላቀልኩት ቤንዚንና ዘይት አለ፤ እሱንም ዘይቱ ሰማያዊ አድርጎታል። ባለቤቴ ወረቀት ለጥፍባቸው ብላ ስንቴ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ከሞተር ጋር የኖርኩ ሰው በአፍንጫዬ እለያቸዋለሁ ብዬ እኩራራለሁ። ዛሬ አፍንጫዬ በጉንፋን ተዘግቷል፤ የማጠቢያዋን ጋን ከተሳሳተው ጀሪካን ሞላሁት። እዚህ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና የቀለጠ በረዶና ጭቃ ሲረጭብኝ የማጠቢያዋን ቁልፍ ጫን አደረግኩ። መስታወቱ ቅባት ለበሰ፤ መጥረጊያው ሲመላለስ ጭራሽ እንደ ቂጣ ምጣድ ወዛ፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። ያ ሽታ የተዘጋ አፍንጫ ይከፍታል፤ የእኔንም ከፈተው። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ እንደ ግመል እየቃኘሁ፣ አንዱ የሱቆች መደዳ ፊት ለፊት ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

ተቀምጬ መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅሁም። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሸተኝ ሁልጊዜ አንድ ሐይቅ፣ አንዲት ቀይ ጀልባና አንድ ሰው ይመጡብኛል፤ ሰውየው ከመጣ ደግሞ ለሳቅ አይመችም። እንደ ተላከች ሁሉ መስታወቴን ያንኳኳችው የዚያው ሰው ልጅ ነበረች። ሰሚራ፣ የከማል የመጨረሻ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች ነርስ ናት፤ በሆስፒታል ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ ከፋርማሲው ስትወጣ አየችኝ። ሞተሩን ተርን ኦፍ ማድረጌን ጠየቀች፤ ከመኪናው እንድወርድ፣ ፕሊስ፣ አለች። መካኒክ መሆኔን አስታወስኳት። መስታወቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። የአባቷ ልጅ ናት፤ ዝም ማለት ታውቃለች።

በራሷ መኪና ውስጥ አስቀምጣ ውሃ ከሰጠችኝ በኋላ ግን ጉዷን አወጣችው። የዛሬ ሳምንት ልትደውልልኝ ነበር አሉ። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የበጋውን የጀልባ ድራግ ውድድር ሊገቡ አስበዋል፤ በአባቷ ጓሮ ሸራ ለብሳ የኖረችውን ጀልባ ሊያወጧት። የጎደላቸው ሞተር ነው።

«አባዬን አስክ አደረግኩት፤ ሪፊውዝ አደረገ። ‹ሞተር ያቃጠለ እጅ ሞተር አይመርጥም፤ ጋሼ መኮንንን ጠይቂ› አለኝ። እና ጋሼ፣ ሀንድረድ ፊፍቲ ሆርስፓወር ይበቃል?»

ሁለት ነገር አናደደኝ። በአንደኛው ወዲያው ጮህኩ፤ ሁለተኛውን ዋጥኩት። የጮህኩበት መቶ ሃምሳው ነው። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ስንት ፈረስ ነው ብሎ ይጠይቃል። ፈረሱን የምትሸከመው ማን ናት፣ ምን ያህል ትከብዳለች፣ ስንት እርምጃ ነው የምትሮጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የበሬ ግንባር በምታህል ጀልባ ላይ መቶ ሃምሳ ፈረስ የሚጭን ሰው አፍንጫዋን ሰማይ አስነክቶ በጀርባዋ ይገለብጣታል፤ ከዚያ ውሃው ነው ይላል። የተረፈኝን ዘለፋ ሰሚራ ላይ ጨርሼ ሳበቃ እሺ ጋሼ ብቻ አለችኝ። የዋጥኩት ግን ይህን ነበር። ሞተር ያቃጠለ እጅ። የማን እጅ?

ያኔ ከከማል ጋር ስንተዋወቅ አውሮራ ውስጥ ሃቫና ስትሪት ላይ የእኛ ሰው ሱቅ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱም እንደ ባለቤቱ ስሜት የሚከፈት። ቤንዚን ከዶላር ብዙም አያልፍም፤ ስልክ በሳንቲም ነው፤ ከማል ታክሲ ይነዳል። ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ ጥቁር የቆዳ ካፖርት ነበረችው፤ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀትም ትለበሳለች፤ ታክሲውን የሚያውቁት ሰዎች በቁጥሩ ሳይሆን በካፖርቱ ነበር። እኔ ደግሞ አገር ቤት ያሰፋኋትን ቡናማ ሙሉ ልብስ፣ እግሯ የሰፋ፣ ተኩሷ ጣት የሚቆርጥ፣ ጋራዥ ድረስ ለብሼ ሄጄ እዚያ ነበር ቱታ የምቀይረው። ሰው መካኒክ መሆኔን እንዳያውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ጥፍሮቼን ማን እንደሚደብቅልኝ ግን አላሰብኩም። የምሠራበት ጋራዥ ጀልባ ጠጋኝ ነው። ባሕር በሌለው ደጋ ተወልጄ ባሕር በሌለው ግዛት ጀልባ መጠገኔን ከማል ሲሰማ መንገድ ዳር ታክሲውን አቁሞ ሳቀ። ከዚያ በየሳምንቱ እሑድ ይመጣ ጀመር፤ ካሴት ይዞ። ቴፑ ካሴቱን ሲጠልፈው በእርሳስ እያጠነጠነ፣ የሠርግ ዘፈን እያስጮኸ፣ ቁልፍ ያቀብለኝ ነበር። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል እበልጠዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አንተ ብሎኝ አያውቅም፤ ጀልባ ስር ተጋድመን፣ ዘይት ፊታችን ላይ እየተንጠባጠበ እንኳ፣ እርስዎ ነኝ።

ጎኗ የተሰነጠቀ ቀይ ጀልባ አንድ ደንበኛ ጥሎ ጠፋ፤ ባለጋራዡ ውሰዷት አለን። የጀልባ ድራግ የሚባለውን ነገር ያየነው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ቀስ ብለው ይቀርባሉ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቀጥ ባለ መስመር ይለቀቃሉ፤ ሰው ጉሮሮውን እስኪጠርግ ያልቃል። መታጠፍ የለም፣ ብልጠት የለም ይላሉ የማያውቁ። ብልጠቱ በሙሉ ቀድሞ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋራዡ ጥግ ሁለት አሮጌ ሞተሮች ቆመው ነበር፤ አንዱ መቶ ሃምሳ፣ አንዱ ዘጠና። የመጣው ሁሉ ትልቁን ያሳየናል። እኔ ዘጠናዋን መረጥኩ፤ በዚህስ እስከ ዛሬ አልመለስም። ጀልባዋ ቀላል ናት፤ ከኋላዋ ድንጋይ ብታስርባት ለመነሳት ስትጣጣር ውድድሩ አልቋል። አጭር መንገድ ላይ የሚያሸንፈው ቶሎ ከውሃው በላይ የወጣ ነው። ሞተሩን በኋላው ሳንቃ ላይ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ውሃ ውስጥ የሚጎተተው ብረት እንዲያንስ። ፕሮፔለሩን ውሃውን በትንሽ በትንሹ በሚነክስ ለወጥኩት፤ ሞተሩ ቶሎ እንዲጮህ። ከሁሉ በላይ የምኮራበት ግን ካርቡሬተሩ ነው። የዴንቨር አየር ስስ ነው፤ ስስ አየር ብዙ ቤንዚን አይችልም፤ ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የነሐስ ቀዳዳዎች አውጥቼ በጠባቦች ተካኋቸው። ሞተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈነ።

የሚነዳው ከማል ነበር። እኔ ዋና አልችልም፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም፤ አሠልጣኝ ነኝ እያልኩ ዳር ላይ በሙሉ ልብሴ ቆሜ እጄን አወናጭፋለሁ። ሁለት በጋ ከአውሮራ ወጣ ብሎ ባለው ሐይቅ ላይ መቶ ሃምሳውንም ሁለት መቶውንም ከኋላችን ጣልን። ከማል ካፖርቱን አውልቆ ለእኔ ይሰጠኛል፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ያጠልቃል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ ይለቃል። ሲመለስ ጥርስ ብቻ ነው። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሰው ሻንጣ የሚሸከም ሰው እዚያች መስመር ላይ ማንም የማይደርስበት ይሆናል። ይህን ነው በኋላ የወሰድኩበት።

በሦስተኛው በጋ ቴክሳስ ወረድን። የጋራዡ ደንበኞች ሁለት መኪና ሆነው አብረውን ወረዱ፤ እኔ ደግሞ በመንገድ ባቆምንበት ሁሉ የእነሱንም ጀልባ እንደዚሁ አድርጌ እንደማስተካክል እየሰበክሁ ነበር። ቁልቁል መሄዳችንን ጆሮዬ እየነገረኝ ነበር፤ እየተደፈነ። አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን ከማል ረጅም ትንፋሽ ሳበና፣ «ጋሼ፣ እዚህ አየሩ አልወፈረብዎትም? ያ ያጠበቡት ቀዳዳ…» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። «አየር ቅቤ ነው እንዴ የሚወፍረው?» አልኩት፤ ደንበኞቹ እንዲስቁ በእንግሊዝኛም ደገምኩት። ሳቁ። ከማልም ሳቀ፤ ዝም አለ።

ተወልጄ ያደግኩት ደጋ፣ ሙያ የተማርኩት ደጋ፣ ስሰደድም ወፍ እንደሚመርጥ ሁሉ ደጋ ላይ ነው ያረፍኩት። ዕድሜ ልኬን ስስ አየር ስተነፍስ ኖሬ አየር ማለት ያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የቆላ ልጅ፣ የወደብ ልጅ ቢሆን ሳይነገረው ያውቃል። ወፍራም አየር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ካላገኘ ሞተሩ ደርቆ ይነድዳል፣ ይግላል፣ ይቀልጣል። ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበሩ፤ ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ያሸነፈ ነገር አይነካም ብዬ ተውኳቸው።

ውድድሩ ሲጀመር ጀልባዋን እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከመስመሩ ግማሽ በላይ በርራ ሄደች፤ ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ጩኸት ሆነ፣ ቀጥ አለች። ነጭ ጭስ። ጎትተው ዳር ሲያደርሷት ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታሁት፤ እንደ አጥንት ነጥቷል። መካኒክ የሆነ ሁሉ ያን ካየ ፍርዱን አየ፤ ሞተሩ ቤንዚን ተርቦ ነው የሞተው። ማንም ሳያየው ኪሴ ከተትኩት። ደንበኞቹ ከበቡን፤ ምን ሆነ፣ ማን ምን አደረገ አሉ። አፌን ከፍቼ ምን እንደምል ስፈልግ ከማል ውሃው እየተንጠባጠበበት መጣና ጥፋቱ የእኔ ነው አላቸው፤ ነዳጁን መቀነስ ሲገባኝ ሳልቀንስ ቆየሁ አለ። እነሱም አመኑት። ታክሲ ነጂ ነው፤ ምን ያውቃል። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ቁልፌን ጨብጬ፣ በተተኮሰ ሱሪዬ፣ እንደ ዳኛ ራሴን ነቀነቅሁ።

በእኛ ዘንድ ታናሽ በባዕድ ፊት የታላቁን ነውር ይሸፍናል። ይህ የታወቀ ነው፤ ነገሩ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የታላቁ ነው፤ ቤት ሲገባ፣ በር ሲዘጋ፣ ወንድሜ አውጥተኸኛል ብሎ ስሙን ይመልስለታል፤ በማግስቱም ለሚያውቋቸው ያስታውቃል። ከማል የራሱን ግማሽ ጨረሰ። ዴንቨር እስክንገባ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ፣ ብርቱካን እየላጠ፣ ፍሬ ፍሬውን እየለየ በመሃረብ ላይ አደረገልኝ። እኔም በላሁ።

ይባስ ብዬ ቀልድ አደረግኩት። ሃቫና ላይ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ የሽማግሌዎች ገበታ አለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጡረታ የወጣውም ገና ያልወጣውም። ያን ታሪክ እዚያ ስንቴ እንዳወራሁት አልቆጠርኩም። ከማል መሪውን ጨብጦ ዓይኑ ሲፈጥ እያስመሰልኩ፣ ጭሱን በእጄ እያሳየሁ። ከማል ምድጃው የሚል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱ ራሱ እየሳቀ ስኳር ያቀብለኛል። ልጆቹ በዚያ ስም ቀለዱበት። ከዚያ በጋ ወዲህ ጀልባ ላይ አልወጣም፤ ወገቤን ያመኛል ይላል። ታሪክ ደጋግመህ ስታወራው እውነቱ ይሟሟል፤ ካንዴላው ከኪሴ ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔም ያቃጠለው ከማል ነው ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ብለው ደስ ይለኛል፤ ግን ጥፊውም ቀልድ ይሆንብኛል።

ሰሚራ ቤት ላድርስዎት ስትለኝ አባትሽ ጋ ውሰጂኝ አልኳት። ከማል በር ላይ ሲቀበለኝ ነጭ ጢሙን እያሻሸ ምነው ጋሼ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ አለኝ። ሰላምታውን እንኳ አልመለስኩለትም፤ በሩ ላይ ቆሜ ተቆጣሁት። ሰው ተበድሎ መቆጣት ሲገባው እኔ በድዬ ተቆጣሁ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«መቼ ጋሼ?»

«ቴክሳስ!»

ከዚያ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። «አሁን ነው የተናደዱት?» አለ።

ሰሚራ የፋርማሲውን ከረጢት እንደያዘች መሃላችን ቆማለች። ከማል ይቀመጡ አለኝ፣ አልቀመጥም አልኩት። አሥሬ ጠየቅሁት፤ ወሬ ለመለወጥ ሞከረ፣ ልጅቷ ፊት ይተዉት አለኝ። ብሶብኝ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«ጋሼ፣ እዚያ የቆሙት ሰዎች በሙሉ የእርስዎ ደንበኞች ነበሩ። መካኒክ ሞተር አቃጠለ ከተባለ ማን ቁልፍ ያስጨብጠዋል? ሦስት ልጅ ነበረዎት። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ጀልባ አቃጠለ ተብሎ ታክሲ የሚከለክለኝ ተሳፋሪ አለ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እስከ ዛሬ ከማል ዕድሜዬን ያከበረ፣ ይሉኝታ የያዘው ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዝምታውን እንደ ሞተር ነው የመረጠው፤ የቱ ይሸከመዋል፣ የቱ ይሰበራል ብሎ መዝኖ። እንጀራዬን ሲያተርፍልኝ የራሱን ደስታ፣ ያቺን ማንም የማይደርስበትን መስመር፣ አሳልፎ ሰጠ። ነገ እውነቱን ይናገራል ብሎ ጠብቆኝ ይሆናል። እኔ ምድጃው አልኩት።

«ዌይት፣ አባዬ፣» አለች ሰሚራ፣ «ዩ ዲድንት በርን ኢት? አንተ አይደለህም ያቃጠልከው?»

አባቷ ሻይ አምጪ አላት። እኔ ግን እጇን ያዝኩና ያቃጠልኩት እኔ ነኝ አልኳት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። አላቆምኩም፤ ልማድ ክፉ ነው። ሙሉ ልብሴን፣ አየር ቅቤ ነው ያልኩትን፣ ካንዴላውን እንደ ሌባ ስከት፣ እያስመሰልኩ አሳየኋት። ሰሚራ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከማልም ሳቀ፤ ግን መሃል ላይ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጣለ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጓሮ ወጥተን ሸራውን ገለጥን። ቀዩ ወደ ሮዝ ሄዷል። እኔ ቀጠል አድርጌ ፍርዴን ሰጠሁ፤ እንደ ድሮው ዘጠና፣ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ። ከማል የኋላውን ሳንቃ እንደ ሐብሐብ በጣቱ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ።

«አይደለም ጋሼ፤ ተሳስተዋል። ይህ ሳንቃ ውስጡ በስብሷል። ዘጠና ከሰቀሉበት ተገንጥሎ ልጄን ያሰምጥብኛል። ሳንቃው እስኪቀየር ስልሳ፤ ከዚያ እናያለን።»

በዚህ ሁሉ ዘመን ተሳስተዋል ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። በጣም ተናደድኩ። ስልሳ ፈረስ ለውድድር፣ እስቲ ምን ይባላል፤ በቅሎ ብንጭንባትስ አልኩት። የዛሬ ሞተሮች አየሩን ራሳቸው ለክተው ቤንዚኑን በኮምፒውተር ይመጥናሉ ብላ ሰሚራ እያስረዳችኝ ሳለች በእሱም ተናደድኩ፤ እኔ ያቃተኝን አንዲት ቆርቆሮ ሳጥን ስትችለው አያናድድም? አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ሳንቃውን ራሴ መታሁት፤ ድምፁ ባዶ ነው። ከማል ልክ ነበር። ስልሳውን አባትና ልጅ አብረው ሊመርጡ ተስማሙ፤ በመጀመሪያው ሙከራም አባቷ ከጎኗ እንዲቀመጥ ሰሚራ ጠየቀችው፤ ወገቤን የሚለውን ነገር አላነሳም።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ገበታው ላይ ከእኔና ከከማል ሌላ ስድስት ሰው ይኖራል፤ ስድስቱም ከማል ምድጃው ይሉታል። ይህን ሁሉ እዚህ ስለጻፍኩት ጨርሻለሁ ብዬ ራሴን እንዳልሸውድ፤ ከማል የእኔን ጽሑፍ አያነብም፣ እነሱም አያነቡም፤ የሚያውቁት አፌን ነው። ለከማል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለብኝ፤ እሱ ባለበት፣ በሁሉም ፊት፣ ሳልቀልድ።